ሳይት ወይስ ላብራቶሪ? የ5 ኪሎ ሲቪል ተማሪ ክረምት

5 ኪሎ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ካምፓስ፣ ሲቪል ኢንጂነሪንግ የምትማር ከሆነ፣ ክረምት ሲመጣ ሳይት (የግንባታ ቦታ) መውረድ ወይም ላብራቶሪ ውስጥ የመምህር ምርምር ላይ በረዳትነት መግባት ትችላለህ።

ሳይት ቶሎ ያስተምራል። ፎርማኑ አይምርህም። ፕላኑና መሬቱ አልገጥም ሲሉ እዚያው ታያለህ። የታክሲና የምሳም ልትቆረጥልህ ትችላለች። ግን ሲሚንቶ ስትቆጥር መዋልም አለ።

ላብራቶሪ ትዕግሥት ይፈልጋል። ጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ የኮንክሪት ኩብ ትሞላለህ፣ በማግስቱ ከቅርጹ አውጥተህ ውኃ ውስጥ ታስቀምጣለህ። ከዚያ መጠበቅ ነው። አንዳንዶቹ በ7ኛው፣ ሌሎቹ በ28ኛው ቀን ጥንካሬያቸው እንዲለካ ማሽን ውስጥ ገብተው ይሰበራሉ። ከአንድ ድብልቅ የወጡ ሦስት ኩቦች ሦስት የተለያየ ቁጥር ሲሰጡህ ጨዋታው ይጀመራል። ውኃ በዛ? በደንብ አልተጠቀጠቀም? ወይስ ማሽኑ ካሊብሬት አልተደረገም (በትክክል እንዲለካ አልተስተካከለም)? ሳይት ላይ ለዚህ ማን ጊዜ አለው? (መብራት ከሄደ ደግሞ ለማኪያቶ 4 ኪሎ ቅርብ ነው።)

ገንዘብ ካስፈለገህ ሳይት ሂድ፣ ነውር የለውም። ማስተርስ ካሰብክ ግን እኔ ለላብራቶሪው አደላለሁ። ሥራህን በዓይኑ ያየ መምህር የሚጽፈው የድጋፍ ደብዳቤ ክብደት አለው። ሳይቱን ደግሞ በኢንተርንሺፕ (በሥራ ልምምድ) ታገኘዋለህ፤ ኢንተርንሺፕ እንደሆነ ካሪኩለሙ ውስጥ አለ፣ አያመልጥህም።