በሐይቅ የማታ ዓሣ ማጥመጃ «ሙሉ ፓኬጅ» ቀብድ ከመላካችሁ በፊት

ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወዳለው፣ ስሙም ሐይቅ ወደሆነው ሐይቅ ከጓደኞቻችሁ ጋር የምትወጡ፣ ደላላ «ጀልባ፣ ቀዛፊ፣ መንጠቆ፣ ሁሉም አለ፤ ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት» ብሎ ቀብዱን በቴሌብር ላኩ ሲላችሁ እንዳትልኩ።

ጉዱ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። ትይዛላችሁ የሚባለው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ምግቡን የሚፈልገው በቀን ብርሃን ነው፤ ሲጨልም መንጠቆ መንካቱን ይተዋል። የሚገኘውም ዳር ዳሩን፣ ሣር ባለበት ነው። የሐይቁ መካከል ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ወደዚያ መቅዘፍ የከፈላችሁበትን ሰዓት ከመጨረስ በቀር ዓሣ አያመጣም። ቆሮሶ የሚፈልግ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀልባ ላይ ይገኝ፤ ትንሽ መንጠቆና የምድር ትል ይበቃዋል። ማታ የሚንቀሳቀሰው አምባዛ ነው። እሱ ደግሞ ትልቅ መንጠቆ፣ ወፍራም ክር፣ ታች የሚያወርድ እርሳስና የዓሣ አንጀት ይፈልጋል። በፓኬጁ የሚሰጣችሁ ግን አንድ ቀጭን ክር ከትንሽ መንጠቆ ጋር ነው፤ ደህና አምባዛ ከያዘ በጥሶት ይሄዳል።

ክሩንም ሞክሩት። ፀሐይ የበላው ናይሎን ይነጣል፣ ይሻክራል። አንድ ክንድ ያህል ፈትታችሁ መሃሉን ቋጥሩና በሁለት እጅ ንጠቁት፤ ቋጠሮው ላይ ቶሎ ከተበጠሰ መልሱት።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ጀልባው ነው። የብስ ላይ ከርሞ የደረቀ የእንጨት ጀልባ ሳንቃው ተኮማትሮ መጋጠሚያው ይከፈታል። አዲስ ቀለም አያታልላችሁ፤ ስንጥቁን ይሸፍነዋል እንጂ አይደፍነውም። ሁላችሁም ተሳፍራችሁ ዳር ላይ 10 ደቂቃ ቆዩና ወለሉን እዩ። ውኃ ከቋጠረ፣ ወይም ከውኃው እስከ ጀልባው ከንፈር ያለው አንድ ስንዝር ካልሞላ፣ ውረዱ። መቅጃ ጣሳ ይኑር። የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ስፖንጅ ጨብጣችሁ ልቀቁት፤ እንደተጨፈለቀ ከቀረ ሰው አይሸከምም። ማሰሪያው የተበጠሰ ደግሞ ውኃ ውስጥ ከራስ ላይ ይወልቃል። «ዳር ዳሩን ነው የምንሄደው፣ ጃኬት አያስፈልግም» የሚል ቀዛፊ ካጋጠማችሁ አትሳፈሩ፤ የዚህ ሐይቅ ዳር ብዙ ቦታ ላይ ድንገት ነው የሚጠልቀው።

ዋጋው በጀልባ ነው ወይስ በሰው? የቀዛፊው ሒሳብ ገብቷል? ሰዓቱ የሚቆጠረው ከየት ጀምሮ ነው? የተያዘው ዓሣስ የማን ነው? መልሱን በስልክ መልእክት አስጽፉ፣ ክፍያውንም ጀልባውን በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ ግማሹን፣ ቀሪውን ስትወርዱ ስጡ።