የመጀመሪያ የጠረጴዛ ድሪል ስትገዙ፦ ከሞተሩ በፊት አፉን እዩ

የጅማ በርጩማ የሚሠራ ሰው ድሪል ምን ያደርግለታል ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። የድሮው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ ነው የሚፈለፈለው። ሚስማር የለ፣ ኮላ የለ፣ መጥረቢያና መሮ ብቻ። እኔ የምሠራው ግን ካፌዎች የሚያዙትን ተገጣጣሚውን ነው። መቀመጫው ክብ ዋንዛ ነው፣ እግሮቹ ለብቻ ተዘጋጅተው ቀዳዳ ውስጥ ይገባሉ። ሦስቱም ቀዳዳዎች እኩል አዘንብለው መበሳት አለባቸው። ባለ ሦስት እግር ነገር መቼም አይንገዳገድም፤ አንዱ ቀዳዳ ካፈነገጠ ግን መቀመጫው ዘመም ይላል፣ ደንበኛም ወዲያው ያያታል። በእጅ ድሪል በዓይን ግምት እየበሱ ሃያ በርጩማ አንድ ዓይነት ማውጣት ከባድ ነው።

ጅማ መርካቶ ሂርማታ አካባቢ ያሉት የዕቃ ሱቆች መጀመሪያ የሚያሳዩአችሁ የእጅ ድሪል የሚታሰርበትን ማቆሚያ ነው። ርካሽ ነው። እለፉት። ክንዱን ስትጫኑት ድሪሉ አብሮ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ያ ደግሞ ከእጅ ሥራው ብዙም አይሻልም። ወለል ላይ የሚቆመው ትልቁ ደግሞ ለብረታ ብረት ቤት ነው፤ ለአንድ አናጢ ዋጋውም ቦታውም አይመጣጠንም። ለጀማሪ የሚሆነው ባለ 13 ሚሊ አፍ (አፍ የምለው ፑንታው፣ ማለትም መብሻው ብረት፣ የሚታሰርበትን ነው)፣ 350 ዋት ገደማ ሞተር ያለው፣ በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) የሚሠራው ትንሹ የጠረጴዛ ድሪል ነው። ኢንግኮና ቶታል የሚባሉት ብራንዶች በዚህ መጠን ይሠራሉ። የእኔ ከሁለቱም አይደለም፣ ስሙን ማንም የማያውቀው የቻይና ሥሪት ነው፤ ግን ፈትሼ ነው የገዛሁት።

ፍተሻው እንዲህ ነው። አዲስ፣ ቀጥ ያለ 10 ሚሊ ፑንታ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። አፉ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩት። ሶኬቱ ሳይሰካ፣ የድሪሉ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሹል ነገር ከፑንታው ለስላሳ አንገት አጠገብ አቁሙና ፑሌጃውን (ቺንጋው የሚዞርበትን ጎማ) በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። በሹሉና በፑንታው መሃል ያለው ክፍተት ሲጠብና ሲሰፋ በዓይን የሚታይ ከሆነ ተዉት፣ ቀዳዳችሁ ሁሌም ከልኩ ይሰፋል። ቀጥሎ እጀታውን እስከ መጨረሻው ወደ ታች ስባችሁ ፑንታውን በጣት ግራና ቀኝ ነቅንቁት። ቀጨ ቀጨ ካለ ውስጡ ልል ነው። መጨረሻ ላይ የጠረጴዛውን ጠርዝ በመዳፋችሁ ተጫኑ። የሚጎብጥ ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ያለ ቀዳዳ አይገኝም። ባለሱቁ «ወንድሜ፣ ልትገዛት ነው ልታገባት?» ቢላችሁ ሳቁና ቀጥሉ።

ሻጮች የሚያወሩት ስለ ፍጥነት ብዛትና የሚበሳውን ቦታ ስለሚያመለክተው ቀይ መብራት ነው። መብራቱን እርሱት። አምስት ፍጥነት ይበቃል፤ ዋናው ዝቅተኛው ነው። በእነዚህ ትንንሾቹ ላይ ዝቅተኛው በደቂቃ 600 ዙር ገደማ ነው። ለ25 ሚሊ የእግር ቀዳዳ ዋንዛ ላይ በደንብ ይሄዳል፣ ዋንዛ ለመሥራት ገር እንጨት ነውና። ለቁም ሣጥን ማጠፊያ 35 ሚሊ ስትበሱ ግን አትቸኩሉ፣ ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ፍርፋሪውን አስወጡ። ካልሆነ እንጨቱ ይጨሳል።

ሌላው ጥያቄ ርቀቱ ነው። ከምሰሶው እስከ ፑንታው ያለው 10 ሴንቲ ገደማ ነው፣ ስለዚህ የ30 ሴንቲ መቀመጫ መሃሉን መብሳት አይቻልም። ለበርጩማ ይህ ችግር አይደለም፣ የእግሮቹ ቀዳዳ ከጠርዙ አምስት ስድስት ሴንቲ ነው የሚገባው። ሰፊ ጣውላ መሃል ለመሃል መብሳት የሚፈልግ ግን ይህ ርቀት ሰፋ ያለበትን ትልቅ ድሪል ይመልከት። ፑንታው የሚወርደውም 5 ሴንቲ ብቻ ነው። ለእኔ ይበቃል።

ጠረጴዛው ወደ ጎን እስከ 45 ዲግሪ ያዘነብላል። የተጻፈበትን ቁጥር አትመኑት። እኔ የምፈልገውን ማዘንበል በጣውላ ቆርጬ አስቀምጫለሁ፤ በእሱ ለክቼ ነው የማጠብቀው። ሲያዘነብል መቀመጫው ወደ ታች ስለሚንሸራተት ከሥር ማስደገፊያ ጣውላ በቡሎን አስሬያለሁ።

ቅሬታ አለኝ። ዕቃው ሲመጣ የአፉ መግጠሚያ በግሪስ ተለውሶ ነበር፣ የገጠመልኝም ሱቅ ከነግሪሱ ነው ያስገባው። ሥራ መሃል አፉ ከነፑንታው ዱብ አለ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሁለቱንም ወገን በቤንዚን አጥቦ ማድረቅ፣ ጥርሶቹን ወደ ውስጥ መልሶ በእንጨት መዶሻ ከሥር አንዴ መምታት። ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ አላለም። ግን ይህን ሱቁ ነበር ማወቅ ያለበት።

ሞተሩ እንደ እጅ ድሪል እየተበላ የሚቀየር ካርቦን የለውም፣ ድምፁም ከእጅ ድሪል በጣም ዝቅ ያለ ነው። የሚያስቸግረው መብራታችን ነው። አመሻሽ ላይ የሰፈሩ ምጣድ ሁሉ ሲጣድ ኃይሉ ይወርድና ሞተሩ እምምም ብሎ ይቀራል። በዚያን ጊዜ ቶሎ አጥፉት፣ ከቆየ የሞተሩ የሽቦ ጥቅልል ይቃጠላል። እኔ ብዙ ቀዳዳ ያለበትን ሥራ ጠዋት ነው የምጨርሰው።

ድሪሉን ስትገዙ ከገንዘቡ ላይ ለሞርሳ (ለማጥበቂያ) እና ለጥሩ 25 ሚሊ ፎርስትነር (ሰፊ ቀዳዳ የሚበሳ የእንጨት ፑንታ) አስቀሩ። የእንጨት ሥራ ጓንት ያላችሁም ቢሆን ድሪሉ አጠገብ አታድርጉት፤ ፑንታው ጨርቁን ከያዘ እጃችሁን አብሮ ነው የሚጠመዝዘው። መቀመጫውንም በእጅ ብቻ አትያዙ፣ በመቆንጠጫ እሰሩት።