«ልጅዎ ተመርጧል»፦ በጥሪ ብቻ የሚገባበት የክረምት ኳስ ሥልጠና ያዋጣል?

«ልጅዎ ተመርጧል» የሚል ወረቀት ቤት ሲገባ የማይደሰት ወላጅ የለም። ግን ማን፣ የት ሜዳ ላይ አይቶ መረጠው? መራጩ የልጁን የጨዋታ ቦታና አንድ ድክመቱን እንኳ መናገር ካቃተው፣ ያ ጥሪ ሳይሆን የክፍያ ማስታወቂያ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጠዋት ሜዳ ዳር ቁሙና ኳስ ቁጠሩ። 20 ልጅ በ4 ኳስ ከሠራ ሰዓቱ በሰልፍ ያልቃል፤ ልጁ ሁለቴ ነክቶ ወደ ጭራ ይመለሳል። ለሁለት ልጅ አንድ ኳስ፣ ለአንድ አሠልጣኝ ከ15 ያልበለጠ ልጅ ደህና ነው። ከ12 ዓመት በታች ላሉት 4 ቁጥር ኳስ ነው የሚሰጠው፤ 5 ቁጥሩ ለእግራቸው ይከብዳል፣ አመታታቸውንም ያበላሻል። በረኛ የሚያሠለጥን ከሌለ፣ የበረኛ ወላጆች ገንዘባችሁን ያዙ።

ደሴ ላይ በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሜዳ ላይ አያስቆምም። ጭቃ የጠቀጠቀ ታኬታ ጥርስ እንደሌለው ነው፣ ያንሸራትታል። የጠዋቱን ፈረቃ ምረጡ። ኮምቦልቻ ወደ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለምትል ትሞቃለች፤ ውሃ ማን እንደሚያቀርብ ጠይቁ። ከደሴ ለሚወርድ ልጅ ደግሞ የሐረጎን መንገድ ደርሶ መልስ ትራንስፖርት ከክፍያው ጋር ደምሩት።

በቀን ሁለቴ የሚያሠራውን አንመክርም። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያለ ልጅ ተረከዜን አመመኝ ሲል ስንፍና አይምሰላችሁ፤ እያደገ ያለው አጥንት ላይ ጫና በዝቶበት ነው፣ ዕረፍት ይፈልጋል።