አርሊንግተን በሜሞሪያል ዴይ ሰሞን፦ ተሽከርካሪው ይሻላል ወይስ እግር?

በሜይ ወር መጨረሻ፣ በአሜሪካ ጦር ውስጥ አገልግለን ዛሬ ስለ ወታደር ሕይወት የምንጽፍ ሰባት ሰዎች በየዓመቱ ዋሽንግተን አጠገብ እንገናኛለን። ጠዋት በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ያረፉ ባልደረቦቻችንን እንጠይቃለን፤ ከቀትር በኋላ አንድ ጠረጴዛ ከበን የጻፍነውን፣ ከዚያም ይበልጥ መጻፍ ያቃተንን እናወራለን። ከሰባቱ አማርኛ ተናጋሪው እኔ ብቻ ነኝና፣ በአካባቢው የሚኖሩ ወገኖች ከአገር ቤት እንግዳ በመጣባቸው ቁጥር «አርሊንግተን የሚጎበኘው በተሽከርካሪው ነው በእግር?» እያሉ የሚጠይቁት እኔን ነው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከመደጋገም መልሴን በጽሑፍ ማስቀመጥ ይሻላል ብዬ ከዘንድሮው ጉብኝት እንደተመለስኩ ይህን ጻፍኩ። ፍርዴን ከመጀመሪያው ልናገር፤ የሚፈልገውን ሟች ስም ይዞ ለሚሄድ ሰው መቃብሩን የሚጠቁመውን ነጻ የስልክ መተግበሪያ ይዞ በእግር መሄድ ገንዘብ ከሚከፈልበት የጉብኝት ተሽከርካሪ ይበልጥበታል፣ ስም ሳይዝ ለሚሄድ ግን ተሽከርካሪው ሊሻለው ይችላል።

ስለ ቀኑ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሜሞሪያል ዴይ በውትድርና አገልግሎት ላይ ሳሉ ሕይወታቸውን ላጡ የተለየ ቀን ሲሆን፣ ያገለገሉትን በሙሉ የሚያመሰግነው ቬተራንስ ዴይ ግን ኖቬምበር 11 ቀን ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው፤ በሜሞሪያል ዴይ «ስላገለገልክ እናመሰግናለን» የሚለኝ ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ገና አልሞትኩም ልለው ያምረኛል። የቀኑ መነሻ የአሜሪካው የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ በኋላ ጄኔራል ጆን ሎጋን እ.ኤ.አ. በ1868 ዓ.ም. ሜይ 30 የወደቁት ወታደሮች መቃብር በአበባ እንዲያጌጥ ያወጡት ትእዛዝ ሲሆን፣ ከ1971 ጀምሮ ደግሞ በሜይ የመጨረሻ ሰኞ ይውላል። በዚያ ሰኞ ሰንደቅ ዓላማው እስከ ቀትር ዝቅ ብሎ ይውላል፤ ቀትር ሲሆን ወደ ላይ ይወጣል።

ለጎብኚ ግን ከሰኞው ይልቅ ዋናው ሐሙሱ ነው። ከበዓሉ በፊት ባለው ሐሙስ፣ «ኦልድ ጋርድ» በመባል የሚታወቀው የ3ኛው እግረኛ ሬጅመንት ወታደሮች በመቃብር ድንጋዮቹ ፊት ወደ 260,000 የሚደርሱ ትናንሽ ባንዲራዎችን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይተክላሉ። ይህ ከ1948 ጀምሮ ሳይቋረጥ የኖረ ሥርዓት ነው። ርቀቱን በማስመሪያ አይለኩትም፤ ወታደሩ የጫማውን ጫፍ ከድንጋዩ ሥር ያስጠጋና ባንዲራውን በተረከዙ በኩል ይተክላል፣ ስለዚህም ከሩቅ ሲታይ ኮረብታው ሁሉ በአንድ መስመር የተሰፋ ይመስላል። በሚቀጥለው ሳምንት ባንዲራዎቹ ይነቀላሉ። ስለሆነም ይህን ለማየት የሚፈልግ ከዓርብ እስከ እሑድ ባሉት ቀናት ቢሄድ ይመረጣል፤ ሰኞ ግን አምፊቲያትር በሚባለው የመሰብሰቢያ ስፍራ ውስጥ መንግሥታዊው ሥነ ሥርዓት የሚካሄድበትና የአበባ ጉንጉን የሚቀመጥበት ቀን በመሆኑ ሕዝቡ ይበዛል፣ ፍተሻውም ይጠብቃል።

መግባት ቀላል ነው። የሜትሮው ሰማያዊ መስመር በመካነ መቃብሩ ስም የተሰየመ ጣቢያ አለው፤ ከዚያ በር ድረስ የሚያስኬደው አጭር መንገድ ነው። ለመግቢያ ክፍያ የለም፤ ፍተሻ አለ፣ 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው መታወቂያ ይዞ መገኘት አለበት። ከውሃ በስተቀር የሚበላና የሚጠጣ ይዞ መግባት አይፈቀድም። ውሃውን ግን እንዳትረሱ፣ ምክንያቱም ቦታው 639 ኤከር ይሰፋል፣ ወጣ ገባ የበዛበትም ኮረብታ ነው፤ የሜይ መጨረሻ ፀሐይ ደግሞ ለአዛውንት አትራራም።

ተሽከርካሪው የሚጠቅመውም ለዚሁ ነው። ከእንግዳ መቀበያው ማዕከል ተነሥቶ በፕሬዚዳንት ኬኔዲ መቃብር፣ በማይታወቀው ወታደር መቃብርና በአርሊንግተን ሃውስ በኩል እየዞረ ታሪኩን ይተርካል። ቤቱ የደቡቡ ጦር አዛዥ የሮበርት ሊ መኖሪያ የነበረ ሲሆን፣ በዙሪያው ያለው መሬት መካነ መቃብር የሆነው በእርስ በርስ ጦርነቱ መካከል እ.ኤ.አ. በ1864 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ዓመት ሜይ 13 ቀን የመጀመሪያው ሰው ሲቀበር ጄኔራል ወይም ጀግና ተብሎ የተዘመረለት አልነበረም፣ ዊልያም ክሪስትማን የሚባል ተራ ወታደር ነበር። ጉልበታቸው የደከመ እናትና አባት ይዛችሁ ከሆነ ያለ ማመንታት ትኬቱን ግዙ። ጉድለቱ አንድ ነው፤ ተሽከርካሪው ወደ ታዋቂዎቹ ነው የሚወስደው። እዚያ ካረፉት ከ400,000 በላይ ሰዎች መካከል እናንተ የምትፈልጉት ከመንገዱ ዳር ላይሆን ይችላል። የቅርብ ቤተሰብ ለሆኑ ሰዎች በመኪና እስከ መቃብሩ ለመድረስ የሚያስችል ፈቃድ በእንግዳ መቀበያው ይሰጣልና መጠየቅ አይከፋም፤ የጦር ባልደረባ ግን ዘመድ አይባልም፣ ስለዚህ እኛ በእግራችን ነን።

ኤኤንሲ ኤክስፕሎረር የሚባለውን መተግበሪያ የማደንቀው ከዚህ የተነሣ ነው። የሟቹን ስም ስትጽፉ የመቃብሩን ክፍልና ቁጥር፣ የድንጋዩን የፊትና የኋላ ፎቶግራፍ ያሳያችኋል፣ ከቆማችሁበትም ቦታ እየመራ ያደርሳችኋል። ስም የተመሳሰለበት ሰው ብዙ ስለሆነ የሞተበትን ዓመት ማወቅ ድካም ይቀንሳል። ይህ መሣሪያ እንዴት እንደ ተገኘ ማወቅ ደግሞ ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. የሠራዊቱ ምርመራ በመካነ መቃብሩ መዛግብትና በመሬቱ ላይ ባለው እውነታ መካከል ብዙ አለመጣጣም እንዳለ ካረጋገጠ በኋላ፣ በማግሥቱ ዓመት በሙቀቱ ወራት የኦልድ ጋርድ ወታደሮች ሌሊት ሌሊት እየወጡ የድንጋዮቹን ፎቶግራፍ አንድ በአንድ አነሡ። ቀን ቀን ቀብር አለ፤ የሰው ሐዘን እንዳይረብሹ ነበር ጨለማውን የመረጡት። አሳፋሪ ስሕተት እንዲህ ባለ ጠቃሚ ሥራ ሲታረም ማየት አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥመው፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ።

ስም ያልያዘ ሰው ወደ ማይታወቀው ወታደር መቃብር ይሂድ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሟች እዚያ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1921 ዓ.ም. ኖቬምበር 11 ሲሆን፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነትና የኮሪያው በ1958 ተጨመሩ። ከ1937 ጀምሮ ዘቡ ሌትም ቀንም፣ በዝናብም በበረዶም አልተለየውም። ዘቡ 21 እርምጃ ይራመዳል፣ ወደ መቃብሩ ዞሮ 21 ሴኮንድ ይቆማል፣ ተመልሶም እንዲሁ ያደርጋል፤ ቁጥሩ ከፍተኛውን ወታደራዊ ክብር፣ የ21 መድፍ ሰላምታን፣ ያመለክታል። ቅያሪው ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር በየግማሽ ሰዓቱ፣ በሌሎቹ ወራት በየሰዓቱ ነው። ድምፅዋን ከፍ ያደረገች የተማሪዎች ቡድን ዘቡ በአንድ ቃል ጸጥ ሲያሰኛት አይቻለሁ፤ ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ምከሩት። ሰው ሁሉ የሚመለከተው ዘቡን ነው፣ እኔን ግን የሚይዘኝ ባዶው ጉድጓድ ነው። በ1984 የቬትናም ጦርነት ያልታወቀ ወታደር ተብሎ የተቀበረው ሰው በ1998 ወጥቶ በዘረመል ምርመራ ማንነቱ ታወቀ፤ የአየር ኃይሉ መኮንን ማይክል ብላሲ ሆኖ ተገኘና ለቤተሰቡ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ቦታው ሆን ተብሎ ባዶ ቀርቷል።

ክፍል 60 ላይ ስትደርሱ የሚጠብቃችሁ ሌላ ነገር ነው። በኢራቅና በአፍጋኒስታን የወደቁ ብዙዎች ያረፉት እዚያ ነው፤ ድንጋዮቹ ገና ነጭ ናቸው፣ የትውልድ ዓመቶቹም የእኔ ዘመን ዓመቶች ናቸው። ሌላው የመካነ መቃብሩ ክፍል ታሪክ ይመስላል፣ ይህኛው ግን ሰው ቤት ነው። እናት ተጣጣፊ ወንበሯን ዘርግታ ከልጇ ፊት ተቀምጣለች፣ አንዱ የልጁን ፎቶግራፍ ከድንጋዩ አስደግፏል፣ ሕፃናት በመደዳዎቹ መካከል ይሮጣሉ፣ የሚቆጣቸውም የለም። በድንጋዮቹ አናት ላይ ሳንቲም ታያላችሁ። በወታደሮች ዘንድ በተለመደው ልማድ ባለ 1 ሳንቲሙ «መጥቼ ጠይቄሃለሁ» ማለት ነው፤ ባለ 5ቱ አብረን ሠልጥነናል፣ ባለ 10ሩ አብረን አገልግለናል፣ ባለ 25ቱ ደግሞ ስትሞት አጠገብህ ነበርኩ ማለት ነው። በዚህ የካርድ ዘመን ኪሴ ባዶ ሆኖ ባለ 10 ሳንቲም ከጓደኞቼ መለመኔ አሳፍሮኛልና እናንተ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። እዚያ ላረፈው ጓደኛዬ የተበደርኩትን ሳንቲም አስቀምጬ ቀና ስል፣ ከሰባታችን ዝምተኛው፣ ለዓመታት ጓደኛችን ስለሞተበት ቀን አንድ መስመር ያልጻፈው ሰው፣ ጎንበስ ብሎ ባለ 25 ሳንቲም አኖረ። እዚያ እንደነበረ አናውቅም ነበር። ማንም አልጠየቀውም።

ስለ ምግብ ቤቱ በአጭሩ። አምና የተቀመጥንበት ቤት ስሙ ይቅር፤ አስተናጋጁ «መልካም ሜሞሪያል ዴይ» ብሎ ተቀበለን፣ ሙዚቃውም እርስ በርስ የማያሰማ ነበር። መልካም ምኞት የማይባልበት ቀን መሆኑን ማስረዳት ዳቦ በሚታዘዝበት ሰዓት አይመችም። ዘንድሮ የመረጥነው በአንድ አረጋዊ የቀድሞ ወታደር የሚተዳደር ጸጥ ያለ ቤት ሲሆን፣ በማእዘኑ ላልተመለሱት የተሰናዳ ትንሽ ክብ ጠረጴዛ ነበረ፤ ነጭ ጨርቅ፣ አንድ ቀይ ጽጌረዳ፣ በሳሕኑ ላይ ዕጣቸው መራራ ስለሆነ የሎሚ ቁራጭ፣ ስለ ቤተሰቦቻቸው እንባ ትንሽ ጨው፣ የተደፋ ብርጭቆ፣ ሻማና ባዶ ወንበር። እዚህ አገር በጦር ሰፈር መመገቢያዎች የሚታይ ሥርዓት ነው። ሥጋው ትንሽ ደርቆ ነበር፣ ሾርባው ግን ጥሩ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ነጥብ የሰጠሁት ለምግቡ አይደለም። ዝምተኛው ጓደኛችን ለመጀመሪያ ጊዜ ስለዚያ ቀን ሲናገር ሂሳብ ይዞ የመጣው አስተናጋጅ ከሩቅ አይቶን ተመለሰ፣ ለአንድ ሰዓት ያህልም አልቀረበንም። ከዚህ የተሻለ መስተንግዶ አላውቅም።

ሲመሽ የኮሪያ ጦርነት ቀደምት ወታደሮች መታሰቢያ ዘንድ ሄድን፤ ልማዳችን ባይሆንም እኔ ለመንኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ቦታ ፖንቾ በሚባል የዝናብ ካባ የተሸፈኑ 19 የብረት ወታደሮች በጥርጣሬ እየተራመዱ የሚታዩበት ሲሆን፣ ሌሊት በመብራት ሲታዩ ፊታቸው ይበልጥ ሕይወት ያገኛል። በ2022 የተጨመረው ግድግዳ ከ36,000 በላይ አሜሪካውያንንና ከእነሱ ጋር የተሰለፉ ከ7,000 በላይ ኮሪያውያንን ስም ይዟል። ኮሪያ የዘመተው የእኛ የቃኘው ሻለቃ ጦር 122 ሟቾች ስም ግን እዚያ የለም። ከሰሜኑ መተላለፊያ ዳር፣ ለጦርነቱ ጦር ወይም ሕክምና የላኩ የ22 አገሮች ስም በተቀረጸበት ዝቅተኛ ድንጋይ ላይ «ኢትዮጵያ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ታገኛላችሁ። አብዛኛው ጎብኚ ሐውልቶቹን እያየ ያልፈዋል፤ ዓይናችሁን ወደ መሬት አድርጋችሁ ፈልጉት። ቦታው ሌሊትም ክፍት ነው፣ ክፍያም የለውም።

ከተበደርኩት የተረፈኝ ባለ 1 ሳንቲም ነበር። ያንን አኖርኩላቸው።