ለአጋዘን የሚዘራ እህል፦ አጃ፣ ስንዴ ወይስ ራይ?

አሜሪካ ገጠር ውስጥ ቁራሽ መሬት ይዞ በፎል (በመጸው ወራት) አጋዘን ማደን የሚፈልግ ሰው፣ አጋዘኖቹን የሚስብ እህል ለመዝራት ዘር መሸጫ ሲገባ ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓይነት ጆንያ ያያል፦ አጃ፣ የብርድ ስንዴና ራይ (የስንዴ ዘመድ የሆነ እህል)። ሦስቱም ሲበቅሉ ሣር ነው የሚመስሉት። የሚለያዩት ብርዱ ሲጠና ነው። ስለዚህ ዋጋ ከማየታችሁ በፊት ሁለት ነገር ወስኑ፦ መሬታችሁ የት ነው? የምታድኑትስ በየትኛው ወር ነው?

በጣዕም አጃን የሚያህል የለም። ቶሎ ይበቅላል፣ ቅጠሉ ለስላሳ ነው፣ አጋዘኖቹም ሌላውን ትተው እሱን ይግጣሉ። ኦክቶበር ላይ በቀስት ለሚያድን ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ብርድ አይችልም። ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ ፋራናይት በታች ወርዶ ከሰነበተ አብዛኛው አጃ ይሞታል። ሚኒሶታ ላይ አጃ ብቻ የዘራ ሰው ዲሴምበር ላይ የሚያገኘው የተኛ ገለባ ነው። ጆርጂያ ወይም ደቡብ ቴክሳስ ከሆናችሁ ግን ለብርድ የተመረጠ ዓይነት ግዙ፤ የብርዱን ወራት ሊያልፍ ይችላል።

ለሰሜን ሰው ያለ ማመንታት የምመክረው ራይ ነው። አፈሩ አሸዋ ቢበዛው፣ አሲዳማ ቢሆን፣ ዘግይታችሁ ብትዘሩም ይበቅላል። አፈሩ ከበረዶ ነጥብ ትንሽ ከፍ ካለ ዘሩ ይነቃል። ጃንዋሪ ላይ አጋዘኖቹ በረዶውን በኮቴያቸው ጭረው ሥሩ ያለውን አረንጓዴ ቅጠል ሲግጡ ታያላችሁ። አረምም ያፍናል። በጣዕም ከአጃ ያንሳል፣ በጸደይም ቶሎ አገዳ አውጥቶ ይጠነክራል። ያኔ ዘር ሳይዝ ማጨድ ነው።

እዚህ ላይ አደራ የምለው አለ። "ራይግራስ" የሚባለው ሌላ ተክል ነው፤ ስሙ ስለሚቀራረብ ብዙ ሰው ተሳስቶ ይገዛዋል። አንዴ ዘሩን ካራገፈ መሬቱን ለማጽዳት በጣም ያስቸግራል። ከመግዛታችሁ በፊት ዘሩን መዳፋችሁ ላይ አፍስሳችሁ እዩት። የራይ ፍሬ ስንዴን ያህላል፤ ቀጠን፣ ረዘም፣ ግራጫ ቢጤ ነው። የራይግራስ ደግሞ ደቃቅ፣ ቀላል፣ እብቅ የሚመስል ነው።

ስንዴ መሃል ላይ ነው። ከአጃ ይልቅ ብርድ ይችላል፣ ከራይ ይልቅ ይጣፍጣል። ግን ደህና አፈር ይፈልጋል። የአፈሩ ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ) ከ6 በታች ከሆነ ወይ ኖራ ጨምሩ ወይ ራይ ውሰዱ። ቨርጂኒያ፣ ኬንታኪ ወይም ሚዙሪ ላለ ሰው አንድ ዘር ብቻ ምረጥ ቢሉኝ ስንዴን እመርጣለሁ። በጣም አስቀድሞ የተዘራ ስንዴን ሄሲያን የሚባለው ዝንብ ያጠቃዋል፤ የዝንቡ ጊዜ የሚያልፍበትን ቀን የካውንቲያችሁን የግብርና ኤክስቴንሽን ቢሮ ጠይቁ። ስንዴና ራይ ተዳቅለው የተገኘው ትሪቲካሌም ጥሩ ነው፤ ግን እንደልብ አይገኝም።

ገንዘቡ ካላችሁ አጃና ራይ ቀላቅሉ። አጃው መጀመሪያ ይስባቸዋል፣ እሱ ሲሞት ራይው ይረከባል። ብቻውን የሚበተን እህል ለአንድ ኤከር 100 ፓውንድ ገደማ ይበቃዋል፤ ሁለት ከሆኑ ከእያንዳንዱ ግማሽ ግማሹን ውሰዱ። አንድ ኢንች ያህል አፈር አልብሱት። ጥቂት ማገጥ፣ ማለትም ክሎቨር፣ መጨመርም ጥሩ ነው። የእሱን ዘር ግን እህሉን ካለበሳችሁ በኋላ ላዩ ላይ በትኑት፤ ጠልቆ ከተቀበረ አይወጣም። ሰሜን ላይ ከኦገስት መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ፣ ደቡብ ላይ ደግሞ ከሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ኦክቶበር መዝራት ጥሩ ነው።

ጆንያው ላይ ያለውን ወረቀት ሳታነቡ አትክፈሉ። ስንት በመቶው እንደሚበቅልና መቼ እንደተፈተሸ ተጽፏል። ለከብት መኖ የሚሸጥ እህል ይረክሳል፤ ግን የመብቀል ዋስትና የለውም፣ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል። ሮዝ ወይም ሌላ ቀለም የተቀባ ዘር መድኃኒት ስላለበት ዶሮም ሰውም አይቅመሰው።

የግዛታችሁን የአደን ሕግም አስቀድማችሁ እዩ። በብዙ ቦታ በበቀለ ሰብል ላይ ማደን ይፈቀዳል፤ እህል ደፍቶ አጋዘን መጠበቅ ግን ሊያስቀጣ ይችላል። ስለዚህ የተረፋችሁን ዘር ማሳው ላይ አትድፉት።