ጎንደር ውስጥ ለአኳሪየም የባሕር ጨው ለምትገዙ፦ ባልዲውን ሳትፈትሹ ብር እንዳትከፍሉ

አሁን ከፒያሳ መመለሴ ነው፤ ንዴቱ አልወጣልኝም። ጎንደር ውስጥ የባሕር አኳሪየም፣ ማለት በጨው ውሃ የባሕር እንስሳት የምናኖርበት ገንዳ፣ ያለን ሰዎች በጣት የምንቆጠር ነን። ሌላ ሰው ሳይሸወድ ቶሎ ልጻፈው ብዬ ነው።

ስሙን አልጠራም፤ ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። የስልክ ቻርጀር፣ የወፍ ጎጆና የዓሣ ምግብ ባንድ መደርደሪያ የሚሸጥ ነው። ቴሌግራም ላይ ፎቶ ይለጥፍና «ዛሬ ከዱባይ የገባ፣ የቀረው አንድ ነው» ይላል። ስትደውሉለት ደግሞ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ቀብድ ይዞ እየመጣ ነው። እኔ የፈለግኩት ለኮራል፣ ድንጋይ ለምትመስለው የባሕር እንስሳ፣ የተዘጋጀውን፣ በትልቅ ባልዲ የሚመጣውን ጨው ነበር። የክዳኑ ማሸጊያ ተቆርጧል። ለምን አልኩት። «ጉምሩክ ፈትሾት ነው እቱ፣ እነሱ ሳይከፍቱ መች ያሳልፋሉ?» አለኝ። ጉምሩክ ዕቃ እንደሚከፍት የማያውቅ የለም። የደመወዜን ግማሽ ቆጥሬ ሰጠሁት።

ቤት ገብቼ እንደ ወትሮው የአንገረብን ግድብ ውሃ በማጣሪያ አጣራሁ። ጨውን በጠብኩ፣ በማሞቂያ 25 ዲግሪ አደረስኩት። በሪፍራክቶሜትር፣ በጨዋማነት መለኪያው፣ ስለካው 1.025፤ ልክ ነው። የገንዳውን ውሃ ሲሶ ያህል ቀየርኩ።

በማግስቱ ጠዋት አክሮፖራ የምትባለው ኮራሌ ከሥሯ መላጥ ጀምራለች። ወይን ጠጁ ሥጋዋ እንደ እርጥብ ወረቀት እየተቀደደ በውሃው ይንሳፈፋል፤ የተላጠበት ቦታ ነጭ አጥንት ነው። አዲስ አበባ ያለ ወዳጄ ቆርጦ የሰጠኝ ጊዜ ከአውራ ጣቴ አትበልጥም ነበር። እጅ የምታህል እስክትሆን መብራት በጠፋ ቁጥር ሌሊት እየተነሳሁ ፓምፑን ከባትሪ ጋር ሳገናኝ የኖርኩት ለእሷ ነው። እስከ ማታ ከጫፏ በቀር የቀረ ነገር አልነበረም። ሌሎቹም አክሮፖራዎች ተከተሏት።

የገንዳውን ውሃ መረመርኩ። 420 የነበረው ካልሲየም 290 ገብቷል። 8 የነበረው አልካሊኒቲ (በዋናነት የካርቦኔቱ መጠን) ከ6 በታች ወርዷል። ከዚያ ከባልዲው ጨው ትንሽ በንጹሕ ውሃ በጥብጬ ለብቻው መረመርኩት። የካልሲየም መመርመሪያውን የሚጠቀም ያውቀዋል፦ ውሃው ሮዝ ይሆናል፣ ጠብታ እያንጠባጠባችሁ ወደ ሰማያዊ እስኪዞር ትጠብቃላችሁ። ደህና የኮራል ጨው ከሆነ ብዙ ጠብታ ይጠጣል። ይኼኛው ገና ስጀምር ሰማያዊ ሆነ። በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት። የወጥ ጨው!

ሪፍራክቶሜትሩ ለምን ዝም አለ የሚል ካለ፣ መሣሪያው የሚለካው ውሃው ምን ያህል ጨዋማ እንደሆነ እንጂ ጨው ምን እንደሆነ አይደለም። የባሕር ጨው 85 በመቶ ያህሉ ሶዲየምና ክሎራይድ ነው፤ ያ ማለት የወጥ ጨው ነው። ኮራል ግን የምትኖረው በቀረው ነው፤ በማግኒዚየሙ፣ በካልሲየሙ፣ በካርቦኔቱ። አጥንቷን ከእነሱ ነው የምትሠራው። እነሱ ባንድ ሌሊት ሲወርዱባት አክሮፖራ አትችልም። ሰውዬው ይኼን ሁሉ አያውቅም ብዬ ላልፍለት እችል ነበር፤ ዛሬ ያየሁትን ባላይ ኖሮ።

ዛሬ ከሥራ ስወጣ የጨውን ናሙና በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ባለቤቱ አልነበረም። ከጀርባ ያለው መጋረጃ ግማሹ ተገልጧል። የሱቁ ልጅ ቁጢጥ ብሎ፣ ፊቱ አፉ የተፈታ ጆንያ፣ አጠገቡ ያው የእኔ ዓይነት ባልዲ፣ በቲማቲም ድልህ ጣሳ እየጨለፈ ይሞላል። የወደቀውን ከሲሚንቶው ላይ በመዳፉ ሰብስቦ መልሶ ባልዲው ውስጥ ጨመረው። ቀና ብሎ አየኝ። ደነገጠ ብላችሁ ነው? «ጋሼ ቡና ሊጠጣ ወጥቷል፣ ይመጣል» አለኝና መጨለፉን ቀጠለ። ለልጁ አዘንኩ እንጂ አልተናደድኩበትም። የታዘዘውን ነው የሚሠራው።

ባለቤቱ መጣ። ፌስታሉን አሳየሁት፣ ጆንያውንም በጣቴ አመለከትኩት። ይክዳል ብዬ ነበር። ቢክድ ይሻለኝ ነበር። «እቱ፣ ጨው ያው ጨው ነው። ባሕር ውስጥ ያለውስ ሌላ ምን ሊሆን ነው?» አለኝ፤ ስልኩን እየነካካ። ኮራሎቼ ሞቱ አልኩት። ያኔ ቻርጀር ሊገዛ ወደቆመው ጎረምሳ ዞሮ «ሰማህ? ለድንጋይ ታለቅሳለች» አለው። ሁለቱም ሳቁ። ብሬን ስጠኝ ስል «የተከፈተ ዕቃ አንመልስም» አለ። የተከፈተ! ራሱ ከፍቶ የሸጠልኝን!

ድንጋይ አይደለችም። ኮራል እንስሳ ናት። እንደ አሸዋ የሚያንሱ አፎች አሏት፣ ማታ ማታ እጆቿን ዘርግታ ታድናለች። ሥጋዋ ውስጥ ብርሃን የሚመገብ አልጌ አሳድራ ከእሱ ጋር ተካፍላ ትኖራለች። ነጩ ድንጋይ ሞታ የምትተወው ነው። ይኼንን ለእሱ ልንገረው ብዬ አፌን ከፍቼ ተውኩት። ለእናንተ ግን ልጽፈው ፈለግኩ።

ማሸጊያው የተቆረጠ ባልዲ፣ ማንም ፈተሸው ቢላችሁ፣ አትግዙ። አዲስ ጨው ስትከፍቱ ገንዳ ውስጥ ከመጨመራችሁ በፊት ካልሲየሙንና አልካሊኒቲውን ለብቻው መርምሩ። ቅዳሜ ገበያ በኪሎ የሚሸጠውን ጨው በባልዲ ዋጋ ከገዛችሁ በኋላ የሚሰማችሁ የለም።

ከዚሁ ሰውዬ ገዝታችሁ ውሃ የቀየራችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ባንዴ አታስተካክሉ። አልካሊኒቲን በቀን ከ1 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ ነው) በላይ አትጨምሩ፤ የተረፈውንም ይገድለዋል። እኔ ሞንቲፖራ የምትባለው ሌላዋ ኮራሌ እስካሁን አልተላጠችም፣ በየቀኑ በጥቂቱ እየመለስኩላት ነው። ከአዲስ አበባ የታሸገ የኮራል ጨው ይዞ የሚመጣ የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ። ደህና ጨው ለጊዜው የተረፈው ካለም እገዛዋለሁ፤ ባልዲ ሙሉ ባይሆን ግድ የለኝም።