ስዊቿን ጠቅ ስታደርጉ፦ ዘ ዱድ፣ ሊብሬኤንኤምኤስ፣ ዛቢክስ ወይስ ኔትቦክስ?

ቅዳሜ ማታ ነው። አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሰርግ አለ፤ ዋይፋዩ ጠፍቷል። የፎቁን የኔትወርክ ካርታ ከፈትኩ። አንዷ ስዊች (የኔትወርክ ኬብሎችን የምታገናኘው ሳጥን) ቀልታለች። ጠቅ አደረግኳት። ስም አላት፣ አይፒ አላት፣ ቦታዋም ተጽፏል፦ «2ኛ ፎቅ፣ ሎቢ»። ሄድኩ። ሎቢው ላይ ከአበባ ማስቀመጫ በቀር ምንም የለም። ከ40 ደቂቃ ፍለጋ በኋላ የተገኘችው ወጥ ቤቱ አጠገብ፣ ኮርኒስ ውስጥ ነው።

የአይቲው ልጅ «ኧረ እኔ እኮ አስተካክዬው ነበር!» አለ። እውነቱን ነው። ያስተካከለው ግን ዋናው ካርታ ላይ፣ ከምስሉ ሥር ያለውን ጽሑፍ ነው። የመሣሪያው መዝገብና የፎቁ ካርታ የድሮውን ይዘው ቀርተዋል።

ከዚያ ወዲህ «የኔትወርክ ካርታ ሶፍትዌር ምረጥልኝ» የሚለኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ዋጋ አይደለም። የምትጽፈው ነገር የት ነው የሚቀመጠው? ሦስት ቦታ አለ። ሥዕሉ ላይ፣ የፕሮግራሙ መዝገብ ውስጥ፣ ወይም ራሱ መሣሪያው ውስጥ። ፕሮግራሞቹ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ በርዕሱ የጠራኋቸውን አራት ፕሮግራሞች በአንድ ሥራ ብቻ እናወዳድራቸው፦ የአንዲት ስዊች ቦታ፣ ሲሪያል ቁጥርና የዋስትና ማብቂያ ቀን ማስገባት። ለሌሊት ተረኛው በሚገባ መንገድ።

ዘ ዱድ

የራውተር አምራቹ የማይክሮቲክ ነው፤ ነጻ ነው። ካርታው ላይ መሣሪያውን ሁለቴ ጠቅ ስታደርጉ መስኮት ይከፈታል። ማየቱም ማረሙም እዚያው ነው። ስም፣ አድራሻ፣ ማክ (የኔትወርክ መለያ ቁጥሩ)፣ የመሣሪያው ዓይነት፣ የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል። ለራሳችሁ የተተዉት ባዶ ሳጥኖች ሦስት ብቻ ናቸው፤ «ከስተም ፊልድ» 1፣ 2 እና 3። ለእኛ ሥራ ልክክ ይላል፦ ቦታ፣ ሲሪያል፣ ዋስትና። አራተኛ ነገር ካሰባችሁ ግን ማስታወሻ ደብተር ግዙ።

የምወድለት ሌላ ነው። ከምስሉ ሥር ያለውን ጽሑፍ በእጅ ከመጻፍ ይልቅ ከመዝገቡ እንዲያነብ ማዘዝ ይቻላል። የጽሑፉን ቅንብር ትከፍቱና በ[ ] ቅንፍ ውስጥ የሳጥኑን ስም ታስገባላችሁ። ከዚያ በኋላ መዝገቡን ስትቀይሩ ካርታውም አብሮ ይቀየራል። የሆቴሉ ጣጣ እንዲህ ቢደረግ ኖሮ አይመጣም ነበር። በዚያ ላይ ማይክሮቲክ ከሆነ ከካርታው ሳትወጡ ዊንቦክስን፣ ማለትም የማይክሮቲክን ማስተካከያ ፕሮግራም፣ ትከፍታላችሁ።

ጉድለቱስ? የድሮው 4ኛ ስሪት ሰርቨሩ ዊንዶውስ ላይ ይጫን ነበር። ዛሬ የሚሠራው የማይክሮቲክ ሥርዓተ ክወና በሆነው ራውተር ኦኤስ ላይ ብቻ ነው። ሁሉም የማይክሮቲክ ራውተር ደግሞ አይሸከመውም፤ ከመግዛታችሁ በፊት የሞዴሉን ፕሮሰሰር ዓይነት አጣሩ። ካርታውን የምታዩበት ፕሮግራም የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። አንድ ሰው ቦታውን ቢያበላሽ የድሮውን ጽሑፍ ከአዲሱ ጎን አስቀምጦ አያሳያችሁም። ሁለት ሰው ለሚሠራበት ቤት ይህ ችግር አይደለም። ለስምንት ሰው ግን ነው።

ሊብሬኤንኤምኤስ

ይኼኛው ጠባዩ የተለየ ነው። ሰውን ሳይሆን መሣሪያውን ይጠይቃል። አይፒውንና የኤስኤንኤምፒ (መሣሪያን በኔትወርክ የመጠየቂያ ቋንቋ) የይለፍ ቃሉን ትሰጡታላችሁ፤ ሞዴሉን፣ ሲሪያሉን፣ የሶፍትዌሩን ስሪትና የየፖርቱን ስም ራሱ ለቃቅሞ ያመጣል። ካልነካካችሁት በየ5 ደቂቃው ይለካል፣ በየ6 ሰዓቱ ደግሞ አዲስ ነገር አለ ወይ ብሎ ይፈትሻል። ለማየት ብቻ ከሆነ ከአራቱ እሱን እመርጣለሁ።

ማረም ላይ ግን ቆም በሉ። የማረሚያውን ገጽ ስትከፍቱ የቦታው ሳጥን ተቆልፎ ነው የምታገኙት። ከጎኑ ያለችውን ማብሪያ ካላበራችሁ አትጽፉበትም። ካበራችኋት ደግሞ ስዊቿ የምትለውን ትቶ የእናንተን ይይዛል። የእኔ ምክር ማብሪያዋን አትንኳት ነው። ስዊቿ ውስጥ ገብታችሁ ቦታውን እዚያው ጻፉት። ሰርቨሩ ነገ ቢቃጠል እንኳ ጽሑፉ ከመሣሪያዋ ጋር ይኖራል። አብዛኛው ስዊች የላቲን ፊደል ብቻ ስለሚቀበል «ኮርኒስ» በላቲን መጻፉን ቻሉት እንግዲህ።

ሲሪያሉ በነጻ መጣ፣ ቦታው ተፈታ። ዋስትናው? የራሱ ሳጥን የለውም። የማስታወሻ ገጽ አለ፤ እዚያ ትጽፉታላችሁ። ካርታውን ራሱ የሚሥለው መሣሪያዎቹ ራሳቸውን ለጎረቤታቸው ሲያስተዋውቁ ሰምቶ ነው። ስለዚህ ያቺ ባለ 8 ፖርት ርካሽ ስዊች፣ በየጠረጴዛው ሥር ያለችው፣ ራሷን ስለማታስተዋውቅ ካርታው ላይ በራሷ አትመጣም። በፒንግ («አለሽ ወይ?» ብሎ በመጠየቅ) ብቻ የምትታይ አድርጋችሁ በእጅ ማስገባት ትችላላችሁ።

ሌላ የማስጠነቅቃችሁ ነገር፦ የተነሣ መሣሪያን ቶሎ አትሰርዙ። ከሰረዛችሁት የቆየው ግራፍ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ሥራውን ማስቆም ይበቃል።

ዛቢክስ

ዛቢክስ የላትቪያ ልጅ ነው፤ በዋነኛነት መቆጣጠሪያ ነው። ለየመሣሪያው 70 ገደማ ሳጥን ያለው የንብረት መዝገብ አለው፦ ሁለት ሲሪያል፣ ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ የኃላፊው ስልክ፣ የጥገና ውል ማብቂያ ቀን። ሀብታም ነው። ግን ሲጫን ተዘግቶ ስለሚመጣ ብዙ ሰው መኖሩንም አያውቅም።

ስትከፍቱት ሁለት ምርጫ አለ። በእጅ ካላችሁ ሁሉንም እናንተ ትሞላላችሁ። በራሱ ካላችሁ ደግሞ ከመሣሪያው የሚነበቡት ሳጥኖች ይቆለፋሉ፣ የቀሩትን እናንተ ትጽፋላችሁ። ጥሩ ክፍፍል ነው፤ እኔ ሁለተኛውን እይዛለሁ። ወጥመዱ ያለው ካርታው ላይ ነው። ከምስሉ ሥር ያለው ጽሑፍ ለብቻው የሚጻፍ ነው። ከመዝገቡ እንዲያነብ ካላዘዛችሁት ልክ እንደ ሆቴሉ ልጅ ትሆናላችሁ። ካርታው የሚሣለውም በእጅ ነው፤ 60 መሣሪያ ካላችሁ አንድ ቅዳሜ መድቡለት።

ኔትቦክስ

ኔትቦክስ ፒንግ አያደርግም። ስዊች ቢጠፋ አይቀላም። ይህን ሳያውቁ ጭነው «አይሠራም» ያሉ ሰዎች ገጥመውኛል። ሥራው ሌላ ነው፦ ኔትወርኩ እንዴት መሆን እንዳለበት ይመዘግባል። ዲጂታልኦሽን በሚባል የክላውድ ኩባንያ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 በነጻ የተለቀቀ ነው።

ማረም ላይ ግን የሚስተካከለው የለም። መሣሪያ ስታስገቡ ሞዴሉን፣ የሥራ ድርሻውንና ያለበትን ግቢ ካልነገራችሁት አያስቀጥላችሁም። መጀመሪያ ያናድዳል። ሞዴሉን አንዴ ባለ 24 ፖርት ብላችሁ ካስመዘገባችሁት ግን ቀጣዩ ስዊች ሲገባ 24ቱም ፖርቶች ተዘርዝረው ይጠብቋችኋል። የንብረት ቁጥር ደግማችሁ ብትጽፉ እምቢ ይላል። ለዋስትና ማብቂያ የቀን ሳጥን ራሳችሁ ትፈጥራላችሁ፤ እንደ ዘ ዱድ ሦስት ላይ አይቆምም። በአማርኛም ይጻፍበታል። 40 መሣሪያ መርጣችሁ ቦታቸውን በአንድ ጊዜ መቀየርም ይቻላል። ሬኩን (የመሣሪያ መደርደሪያውን) ከፊትና ከኋላ ሥሎ ያሳያል።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ የለውጥ ታሪኩ ነው። እዚያው የመሣሪያው ገጽ ላይ ማን፣ መቼ፣ ከምን ወደ ምን እንደቀየረ ጎን ለጎን ይታያል። ዛቢክስም መዝገብ ይይዛል፣ ግን ሌላ ቦታ ሄዳችሁ መፈለግ አለባችሁ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ኔትቦክስ ካልነካችሁት ታሪኩን የሚያቆየው ለ90 ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን ቁጥሩን ቀይሩት። የትስስር ካርታ ከፈለጋችሁ ደግሞ ተጨማሪ ፕለጊን መጫን ይጠይቃል።

ስለ ክፍያ

አራቱም ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ወጪው ሰርቨሩና ሊነክስ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ዘ ዱድ ብቻ ሰርቨሩን በማይክሮቲክ ራውተር ይተካዋል። ከሚከፈልባቸው ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ፒአርቲጂን ነው። ዊንዶውስ ላይ ይጫናል፣ ካርታው በመጎተት ይሠራል፣ የይለፍ ቃልን ለቡድኑ አንዴ ቀይራችሁ ለሁሉም ይወርዳል። ምቹ ነው። ነገር ግን የሚቆጥረው መሣሪያ ሳይሆን ሴንሰር፣ ማለትም እያንዳንዱን የሚለካ ነገር ነው። ነጻው 100 ሴንሰር ነው፤ የእያንዳንዱን ፖርት ትራፊክ ልከታተል ካላችሁ አንድ ባለ 48 ፖርት ስዊች ግማሹን ይበላል። ከዚያ በላይ ክፍያ አለ፣ በውጭ ምንዛሪ። ያን በየዓመቱ ለፋይናንስ ክፍል ማስረዳት የእናንተ ፈንታ ነው።

እና የቱን?

ማይክሮቲክ ለበዛበት፣ አንድ ሁለት ሰው ለሚይዘው ሆቴል ወይም ትምህርት ቤት ዘ ዱድ ይበቃል። ስዊቾቹ ኤስኤንኤምፒ የሚያወሩ ከሆነና ሰው ከጎደላችሁ ሊብሬኤንኤምኤስ። ዛቢክስን ለክትትል አስቀድማችሁ ከጫናችሁት አዲስ አትግዙ፣ አትጫኑ፤ መዝገቡን ክፈቱት። ብዙ ቅርንጫፍና ብዙ እጅ ያለበት መሥሪያ ቤት ኔትቦክስን ይያዝ፤ ከጎኑ ግን የሚቀላ ነገር ያስፈልገዋል፣ ሊብሬኤንኤምኤስ ወይም ዛቢክስ።

ለሆቴሉ ዘ ዱድን አስገባን። የመጀመሪያው ሳጥን ቦታ ነው፤ ካርታው ከዚያ ያነባል። ልጁ ደግሞ ስዊቿ ካለችበት ኮርኒስ ሥር ሰማያዊ ስቲከር ለጥፏል።